ትኬቱ ምስክር አለው፤ ዋስስ?

የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ይላል። ጊዜ ያላችሁ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት፤ የቸኮላችሁ ሴቭ አድርጉትና ማታ ተመለሱበት።

ሰሞኑን ኢንቦክሴ ውስጥ የሚመላለሰው ጥያቄ አንድ ነው። «ቲቸር፣ የኮንሰርት ትኬት በብሎክቼይን ቢሸጥ ይሻላል እየተባልን ነው። እውነት ነው ወይ?» ጠያቂዎቹ ከጥቂት ዓመታት በፊት አይሲቲ ያስተማርኳቸው ልጆች ናቸው። አሁን ሥራ ይዘዋል፣ አንዳንዶቹም ትዳር ይዘዋል። ለተማሩበት ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ የሚሆን ገንዘብ ለማሰባሰብ ኮንሰርት ሊያዘጋጁ ተነስተዋል (እግዚአብሔር ይስጣቸው)። ታዲያ አንድ ድርጅት መጥቶ «ትኬታችሁን ቶከን እናድርግላችሁ። ፎርጅድ አይሠራበትም፣ ቸርቻሪ አይጫወትበትም፣ ዋጋው ደግሞ እያደገ ስለሚሄድ ቀድሞ የገዛ ያተርፋል» ብሏቸዋል። ልጆቹ ከደመወዛቸው እየቆረጡ በየወሩ ያዋጡት መነሻ ገንዘብ አለ። ለሲስተሙ ክፈሉ የተባሉት እሱን ነው።

ስለዚህ ጉዳዩ የቴክኖሎጂ ወሬ ብቻ አይደለም። የልጆች ላብ ነው፣ የቤተ ሙከራው ማይክሮስኮፕ ነው። ሌሎቻችሁም ተመሳሳይ ነገር ስለምትሰሙ መልሴን እዚህ በአደባባይ ልጻፈው። በነገራችን ላይ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መልሴን ከመጀመሪያው ላስቀምጠው፦ ብሎክቼይን ለትኬት ጥሩ ምስክር ሊሆን ይችላል፤ ዋስ ግን አይሆንም። ትኬት ገዢ ደግሞ ከምስክር ይልቅ የሚቸግረው ዋስ ነው።

ላብራራ። ክፍል ውስጥ ብሎክቼይንን ሳስተምር የምጀምረው በዕቁብ ነው። 30 ሰው ዕቁብ ገባ እንበል። ጸሐፊው ደብተር ይዞ ማን እንደከፈለ፣ ለማን እንደወጣ ይመዘግባል። ጸሐፊው ቢደልዝስ? እንግዲህ 30ውም ሰው የየራሱን ደብተር ይያዝ። እያንዳንዱ ክፍያ በ30ውም ደብተር ላይ ይጻፍ። እያንዳንዱ ገጽ ደግሞ ከሱ በፊት ባለው ገጽ ማኅተም ይታሰር። ያኔ አንዱ ብቻውን ተደብቆ ቢደልዝ የሱ ደብተር ከ29ኙ ጋር ስለማይገጥም ወዲያው ይነቃበታል። ብሎክቼይን ማለት በአጭሩ ይኸው ነው። ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም በ2008 የወጣው ጽሑፍ ይህን ሐሳብ ለገንዘብ አዋለው፤ በ2009 ቢትኮይን ሥራ ጀመረ። ቶከን የምንለው ደግሞ በዚያ ደብተር ላይ «ይህ ቁጥር የእገሌ ነው» የሚል አንድ መስመር ነው። እያንዳንዱ ቶከን የራሱ መለያ ካለው፣ ልክ እንደ ወንበር ቁጥር፣ ኤንኤፍቲ ይባላል።

እስከዚህ ድረስ ያማረ ነው። ግን ዕቁብ የሚያውቅ ሰው አንድ ነገር ይጠይቀኛል። ዕጣው በመጀመሪያው ወር የወጣለት ሰው ገንዘቡን ወስዶ ቢጠፋስ? ደብተሩ ምን ያደርጋል? ደብተሩ መውሰዱን ይመሰክራል፤ ገንዘቡን ግን አይመልስም። ለዚህ ነው ዕቁብ ውስጥ ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት ዋስ የሚጠራው። ደብተሩ ምስክር ነው፣ ዋሱ ሰው ነው። አያቶቻችን ይህን ለይተው ያውቁ ነበር።

ኮንሰርት ላይ እናምጣው። አንድ ጊዜ ለአዲስ ዓመት ዋዜማ ኮንሰርት ትኬት ገዝቼ ነበር። ትኬቱ ትክክለኛ ነው፣ ማኅተም አለው፣ ተከታታይ ቁጥር አለው። ዝግጅቱ በዋዜማው ተሰረዘ። ትኬቱ ላይ የተጻፈው ስልክ ለሁለት ቀን ጠራ፣ ከዚያ ተዘጋ። እንግዲህ ያ ትኬት በዓለም ላይ ባሉ ኮምፒውተሮች ሁሉ ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ ምን አገኝ ነበር? ገንዘቤን መብላታቸውን የሚመሰክሩ ብዙ ሺህ ኮምፒውተሮች ይኖሩኛል። ገንዘቤ ግን ያው እዚያው ነው።

ይህ የእኛ ሀገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ ኮቼላ የሚባል በዓለም የታወቀ የሙዚቃ ፌስቲቫል አለ። በ2022 መጀመሪያ ላይ «የኮቼላ ቁልፍ» ብሎ 10 ኤንኤፍቲ ሸጠ። የገዛ ሰው ዕድሜ ልኩን በየዓመቱ ፌስቲቫሉ ላይ ይገባል ተባለ። ሽያጩ የተከናወነው ኤፍቲኤክስ በተባለው የክሪፕቶ ኩባንያ በኩል ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ኤፍቲኤክስ ከሰረ፤ ገዢዎቹም ቁልፋቸው ኩባንያው ጋ ተቆልፎ ቀረ። መሥራቹ ሳም ባንክማን-ፍራይድ በ2024 የ25 ዓመት እስራት ተፈረደበት። አስተውሉ፣ ብሎክቼይኑ አልተጭበረበረም፣ አልተደለዘም። የወደቀው በመሀል ያለው ድርጅት ነው። እንደገና ወደ ፌስቲቫሉ ለመግባት ደግሞ ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ በሩን የያዘው አዘጋጅ እሺ ማለት አለበት።

ዋናው ነጥቤ ይሄ ነው። ብሎክቼይን የተፈለሰፈው እርስ በርስ ለማይተማመኑ፣ በመሀላቸው ዳኛ ለሌላቸው ሰዎች ነው። ኮንሰርት ላይ ግን ዳኛ አለ። ዘፋኙን የሚያመጣው፣ መድረኩን የሚሠራው፣ በሩን የሚከፍተው አንድ አዘጋጅ ነው። እሱን ካላመናችሁ ትኬቱ በወርቅ ቢጻፍም አይጠቅማችሁም። ካመናችሁት ደግሞ የትኬቱን ዝርዝር በራሱ ኮምፒውተር ቢይዘው ምን ይጎዳችኋል?

እኛ መምህራን ብሎክቼይን የሚለውን ቃል በሰፊው የሰማነው በኤፕሪል 2021 ይመስለኛል። ትምህርት ሚኒስቴር ካርዳኖን ከሚያለማው ኩባንያ ጋር የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን መረጃ በብሎክቼይን ለመያዝ መስማማቱ የተነገረው ያኔ ነው። የትምህርት ማስረጃና የኮንሰርት ትኬትን አነጻጽሩልኝ። ትራንስክሪፕት ከ20 ዓመት በኋላ፣ ሌላ ሀገር፣ ትምህርት ቤታችሁን በስም እንኳን የማያውቅ ሰው ያየዋል። ያ ሰው እኛን ደውሎ መጠየቅ ላይችል ይችላል። እዚያ ላይ የማይደለዝ ደብተር ምን እንደሚጠቅም ይገባኛል። ትኬት ግን ዕድሜው አንድ ሌሊት ነው፤ የሚያረጋግጠውም ራሱ የሸጠው ሰው ነው። የራሱን ትኬት ለይቶ ለማወቅ የዓለም ምስክር አይፈልግም።

አሁን ልጆቹ ወደተነገራቸው ሦስት ተስፋዎች ልሂድ።

አንደኛ፣ «ፎርጅድ አይሠራበትም» የሚለው። እውነት ነው፣ ቶከን ፎርጅድ መሥራት እጅግ ከባድ ነው። ግን ተራ ኪውአር ኮድም እኮ ይህን ይሠራል። እያንዳንዱ ትኬት የማይገመት ቁጥር ይሰጠዋል፤ በር ላይ ሲነበብ «ገብቷል» ይባላል፤ ሁለተኛው ሰው ያንኑ ኮፒ ይዞ ሲመጣ ማሽኑ ቀይ ያበራል። የሚቀረው ችግር የኮዱን ፎቶ ለአምስት ሰው የሚሸጥ አጭበርባሪ ነው። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር፣ ዩኤፋ፣ በ2018 ታሊን ላይ ሪያል ማድሪድና አትሌቲኮ በተጫወቱበት የሱፐር ካፕ ጨዋታ በብሎክቼይን የተደገፈ የሞባይል ትኬት ተጠቅሟል፣ ተሳክቶለታልም። ግን በር ላይ ሥራውን የሠራው ምንድን ነው ብላችሁ ስታዩ፣ ስልኩ ስታዲየሙ በር ላይ ካለው የብሉቱዝ መሣሪያ ጋር መገናኘቱ ነው። ፎቶ አንስቶ መሸጥን የሚከለክለው እሱ ነው። እሱን ደግሞ ያለ ብሎክቼይንም መሥራት ይቻላል።

ሁለተኛ፣ «ቸርቻሪ አይጫወትበትም» የሚለው። የበዓል ሰሞን መናኸሪያ የሄደ ሰው ይህን ችግር አስረዱኝ አይልም። መስኮቱ ላይ «ትኬት አልቋል» ይባላል፤ አጥሩ ጥግ የቆመው ልጅ ኪስ ውስጥ ግን ሞልቷል። ኮንሰርት ላይም ያው ነው፣ ልዩነቱ አሜሪካ ውስጥ አጥሩ ጥግ የቆመው ልጅ ቦት የሚባል ሶፍትዌር መሆኑ ነው። በኖቬምበር 2022 የቴይለር ስዊፍት ትኬት ሽያጭ ሲጀመር ቲኬትማስተር የተባለው ኩባንያ ሲስተም ተንገዳገደ። ኩባንያው ራሱ እንዳለው 3.5 ሚሊዮን ሰው ተመዝግቦ ነበር፣ ሲስተሙ 3.5 ቢሊዮን ጥያቄ ደረሰው፣ በአንድ ቀን ከ2 ሚሊዮን በላይ ትኬት ተሸጠ። ነገሩ እስከ ሴኔት ድረስ ደረሰ።

እስቲ የክፍል ጥያቄ ላውጣላችሁ። ቢትኮይን በሰከንድ 7 ያህል ዝውውር ይመዘግባል እንበል። በቀን 86,400 ሰከንድ አለ። ሲባዛ 604,800 ነው። የዚያን ቀን ትኬት ለመመዝገብ ብቻ ከሦስት ቀን በላይ ይፈጅ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ እጅግ ፈጣን የሆኑ ሌሎች ብሎክቼይኖች መጥተዋል፣ ስለዚህ ሒሳቡ ብቻውን አይፈርድም። ነገር ግን መጨናነቁ የተፈጠረው ወረፋው ላይ ነው፣ መዝገቡ ላይ አይደለም። ቦት ትኬቱን የሚያፍሰው ትኬቱ የሰው ከመሆኑ በፊት ነው። ቶከኑ ደግሞ ታሪኩን መናገር የሚጀምረው ከተሸጠ በኋላ ነው። ሌባው ከገባ በኋላ ዘበኛ እንደመቅጠር ነው።

«ዳግም ሲሸጥ ከዚህ ዋጋ አይበልጥም ብለን በስማርት ኮንትራት እንቆልፈዋለን፣ ወይም ከትርፉ ለዘፋኙ ይደርሰዋል» ይላሉ። በወረቀት ላይ ያምራል። ግን ሁለት ሰዎች ቡና ቤት ተገናኝተው፣ በቶከኑ ላይ 500 ብር ጽፈው፣ ቀሪውን 2,000 ብር በእጅ ቢቀባበሉ ኮንትራቱ በምን ያውቃል? ለፈጣሪው ይደርሳል የተባለው ድርሻም ቢሆን እንደታሰበው አልጸናም። ከትልልቆቹ የኤንኤፍቲ ገበያዎች አንዱ የሆነው ኦፕንሲ በኦገስት 2023 ክፍያውን በሻጩ ፈቃድ ላይ እንደሚተወው አስታወቀ። ሕጉን የሚያስከብረው ገበያው ነበር ማለት ነው፤ ገበያው ሲተወው ሕጉም አብሮ ሄደ።

ቸርቻሪን የሚያዳክሙ የታወቁ መንገዶች አሉ፣ አንዳቸውም ቶከን አያስፈልጋቸውም። የእንግሊዙ ግላስተንበሪ ፌስቲቫል ከ2007 ጀምሮ ገዢው አስቀድሞ ከነፎቶው እንዲመዘገብ ያደርጋል፤ ትኬቱ ላይ ያለው ፎቶ ያንተ ካልሆነ አትገባም። አየርላንድ በ2021 ለትልልቅ ዝግጅቶች ትኬትን ከመጀመሪያ ዋጋው በላይ መሸጥን በሕግ ከለከለች። ኪዩር የተባለው ባንድ በ2023 በአሜሪካ ጉዞው ከ20 ዶላር የሚጀምር ትኬት አወጣ፣ ሕጉ በፈቀደበት ግዛት ሁሉ ትኬቱ ለሌላ እንዳይተላለፍ አደረገ። የአገልግሎት ክፍያው የትኬቱን ዋጋ ያህል ሆኖ ሲገኝ ዘፋኙ ሮበርት ስሚዝ በአደባባይ ጮኸ፤ ቲኬትማስተርም ለገዢዎች 5ና 10 ዶላር መለሰ። ያንን ገንዘብ ያስመለሰው ሶፍትዌር አይደለም። ስሙን አስይዞ የተከራከረ ሰው ነው። ዋስ ማለት ይህ ነው።

ሦስተኛው ተስፋ በጣም ያሳሰበኝ ነው። «ዋጋው እያደገ ይሄዳል፣ ቀድሞ የገዛ ያተርፋል።» ይህን ከሁለተኛው ተስፋ ጎን አስቀምጡና አንብቡት። ቸርቻሪን እናጠፋለን ያለው ሰው፣ እዚያው በሚቀጥለው አረፍተ ነገር ሁላችሁንም ቸርቻሪ ሁኑ እያለ ነው! ሁለቱ አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም። ቀድሞ የገዛው የሚያተርፈው ዘግይቶ የመጣው አብልጦ ሲከፍል ብቻ ነው። ዘግይቶ የሚመጣው ማን ነው? ደመወዝ እስኪወጣ የጠበቀው መምህር፣ ከእናቱ እስኪሰጠው የጠበቀው ተማሪ ነው። በዚያ ላይ ትኬት የሚበላሽ ዕቃ ነው፣ እንደ ቲማቲም። የትናንት ኮንሰርት ትኬት ዛሬ ማን ይገዛል?

ሰውየውን አላውቀውም፣ ሌባ ነው አላልኩም። ግን አንድ ሰው የመግቢያ ትኬት ሲሸጥላችሁ ስለ ዘፋኙ ከማውራት ይልቅ ስለ ትርፍ ካወራ፣ የሚሸጠው ትኬት አይደለም።

ለፍትሐዊነት የሚጠቅምበትንም ልናገር። አቬንጅድ ሴቨንፎልድ የሚባል የሮክ ባንድ 10,000 ኤንኤፍቲ ያለው የአድናቂዎች ክበብ አለው። በ2023 ቲኬትማስተር ቶከኑን የያዙ አባላት ከሌላው ሰው ቀድመው ትኬት እንዲገዙ አደረገ። ይህ ያስኬዳል። ቶከኑ እዚያ የሠራው እንደ አባልነት መታወቂያ ነው፣ አድናቂና አርቲስት ለዓመታት እንዲተዋወቁ። ለመታሰቢያ የሚቀመጥ ዲጂታል ትኬት የሚወድም ይኖራል፤ እኔም የድሮ የስታዲየም ትኬቶች መጽሐፍ ውስጥ አስቀምጣለሁ። የኤሌክትሪክ ፍጆታው ላይ ይነሳ የነበረው ወቀሳም ኢቴሪየም በሴፕቴምበር 2022 አሠራሩን ከለወጠ ወዲህ ለእሱ እምብዛም አይሠራም። ጥላቻ የለኝም፤ መሣሪያውና ሥራው አልተገናኙም ነው የምለው።

እዚህ ሀገር ደግሞ ሌላም አለ። ብሔራዊ ባንክ በጁን 2022 ባወጣው ማስታወቂያ በክሪፕቶ ገንዘብ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስጠንቅቋል። የትምህርት ቤት ስም የያዘ ዝግጅት በዚያ ጠርዝ ላይ መራመድ የለበትም። ስልክስ ቢጠፋ? ሲም ካርድ ሲጠፋ መታወቂያ ይዘን ቴሌ እንሄዳለን፣ ይተኩልናል። የዋሌት 12ቱ ወይም 24ቱ የምስጢር ቃላት ከጠፉ ግን የሚሄዱበት መሥሪያ ቤት የለም። ኔትወርክ በር ላይ ቢጠፋስ? ቢያንስ ቢያንስ የተጻፈ ዝርዝር ያድናል።

እንግዲህ ልጆቼ፣ የምመክራችሁ ይኼን ነው። የባንክ ሒሳቡን በኮሚቴው ስም ክፈቱ፣ ያለ ሦስት ሰው ፊርማ ገንዘብ አይውጣ። ሰው በቴሌብር ወይም በባንክ ይክፈል፣ ስሙና ኪውአር ኮዱ ያለበት ትኬት ይላክለት። 2,000 ትኬት ብትሸጡ፣ ለእያንዳንዱ 100 ፊደል ብትመዘግቡ፣ ሙሉው መዝገብ በስልካችሁ ከምታነሱት ከአንድ ፎቶ ያንሳል። በር ላይ ባሉት ስልኮች ሁሉ ጫኑት፣ ወረቀት ላይም አትሙት። በሮቹ ሁለት ከሆኑና ኔትወርክ ከሌለ ግን አንዱ ኮድ በሁለቱም እንዳያልፍ ትኬቱን በየበሩ ለዩት፣ «በር 1» እና «በር 2» ብላችሁ። መምጣት ያልቻለ ሰው እስከ ሁለት ቀን ድረስ ለእናንተው ይመልስ፣ እናንተ በዚያው ዋጋ ለሌላ ሽጡት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ትኬቱ ላይ ይህን ጻፉ፦ ዝግጅቱ ቢሰረዝ ገንዘቡ በስንት ቀን፣ በማን በኩል፣ እንዴት እንደሚመለስ። ከሥሩ የሦስት ሰው ስምና ስልክ ይኑር። የሚነሳ ስልክ።

ሲስተም ሻጩ ድርጅት ተመልሶ ሲመጣ አራት ጥያቄ ጠይቁት። ዝግጅቱ ቢሰረዝ ገንዘቡን የሚመልሰው ማን ነው? እናንተ ብትዘጉ ትኬታችን በር ላይ ይሠራል? ስልኩ የጠፋበት ሰው ምን ያደርጋል? ብሎክቼይኑን አውጥተን በተራ ዳታቤዝ ብንተካው ምን ይጎድልብናል? ለአራተኛው አጥጋቢ መልስ ካመጣ እኔንም ጥሩኝ፣ በደስታ እማራለሁ። የመጀመሪያውን ግን «ሲስተሙ ራሱ ይመልሳል» ካለ፣ በስሙ እንዲፈርም ጠይቁት።

ኮንሰርት ያዘጋጃችሁ፣ በር ላይ ትኬት የፈተሻችሁ፣ ወይም በቶከን የሠራችሁ ወዳጆች ካላችሁ ልምዳችሁን ኮሜንት ላይ ጻፉልን። በተለይ ገንዘብ አመላለስ ላይ፤ ልጆቹ እያነበቡ ነው። ቀኑ ሲቆረጥ እዚሁ አሳውቃለሁ፤ የኔን ትኬት በሙሉ ዋጋ ነው የምገዛው።

መልካም ሳምንት ይሁንልን።